ጥሩ ስልክ ነው፣ እጅ ያሞቃል

ኅዳር ላይ የመንዝ ጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይተኛል። ትንፋሽ ጭስ ይመስላል። በጉ ራሱ ከጋጣ መውጣት አይፈልግም። እኛ ግን ከሞላሌ አለፍ ብላ ባለች አንዲት መንደር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋጣ በር ቆመን ግልገል እንመዝናለን። ሚዛኑ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግልገሏ በጨርቅ ተይዛ ትንፈራገጣለች፣ መረጃ የምትሰበስበው ልጅ ደግሞ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ኢንጂነር» አለችኝ፣ «ይሄ ስልክ ጥሩ ነው እኮ። እጅ ያሞቃል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አፑን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ጭራሽ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ልጅቷ «እጅ ያሞቃል» ባለችው ሁለት ቃል በሽታውን ነግራኝ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። የበጎች መዝገብ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ይመዘናል፣ ጡት ሲጥል ይመዘናል፣ ከዚያም እያለ ይቀጥላል። የጆሮ ቁጥሩ፣ እናቱ፣ አባቱ፣ ክብደቱ ይጻፋል። ድሮ በደብተር ነበር፤ ደብተሩ ይረጥባል፣ 1 እና 7 ይምታታል፣ ደብረ ብርሃን ደርሶ ኮምፒውተር ላይ እስኪገባ ወር ያልፋል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ አፕ እሠራለሁ፤ ሥራውን ያመጡልኝ ሰዎች «ሚዛኑ ብሉቱዝ አለው፣ ክብደቱን በቀጥታ ስልኩ ላይ አምጣልን» አሉኝ። አመጣሁላቸው። ቢሮ ውስጥ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር።

ሜዳ ላይ ግን 100 ብሎ የወጣ ስልክ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ቀይ ያሳያል። ባትሪው 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ለግማሽ ቀን ሥራ የሚያንስ አይደለም። በመንደሩ መብራት የለም። ስልኩ ከሞተ የቀረው ሃያ በግ በደብተር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሆነ፦ ደብተሩም አልቀረ፣ አፑም አለ፣ ድካሙ እጥፍ። አንዱ ልጅ በትህትና «ደብተሩ ቻርጅ አይፈልግም» ብሎኛል። ዝም አልኩ።

ሁሉም ሰው አንድ መልስ ነበረው። ብርዱ ነው። ይሄ ደግሞ ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚስትሪ ይዘገያል፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርድና ስልኩ ገና ኃይል እያለው «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጓሳ ከዚያም ከፍ ይላል። እኔም ብርዱን በደስታ ተቀበልኩት። ለምን ብትሉ ብርድ የኔ ጥፋት አይደለማ። ለሁሉም የስልክ ማስቀመጫ ከሱፍ እናሠራለን ብዬ ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ።

ያወጣኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ለቤተሰብ ጉዳይ ሸዋ ሮቢት መውረድ ነበረብኝ፣ እና አንዱን ስልክ ከነሚዛኑ ይዤው ሄድኩ። ይሄ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የመኖር ጥቅም ነው፣ አየር ንብረት መቀየር ከፈለግህ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ይበቃል። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጉም፣ ደብረ ሲና ላይ ጃኬት ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዙም ይከብድሃል። ጠዋት ስልኩን ሞልቼ፣ አፑን ከፍቼ፣ ሚዛኑን በረንዳ ላይ ሰቅዬ ተውኩት። በግ የለም። የሚመዝን የለም። ማንም አልነካውም። ስድስት ሰዓት ላይ ቀይ።

አነሣሁት። ጀርባው ይፋጃል። ሸዋ ሮቢት ስለሆነ ነው ልል አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አጠገቡ ጥላ ውስጥ የተቀመጠው የራሴ ስልክ ግን ቀዝቃዛ ነው። ያኔ «እጅ ያሞቃል» ያለችው ትዝ አለችኝ። ብርዱ ባትሪውን እየገደለ ከሆነ ስልኩ እንዴት በውርጭ መሐል ይሞቃል? ስልክ የሚሞቀው ሲሠራ ነው። የኔ ስልክ ምንም በሌለበት ሲሠራ ነበር የዋለው።

አሁን ኮዱን ልናዘዝ። ሚዛኑ ክብደት ሲልክ በብሉቱዝ በኩል ባይቶች ይመጣሉ። እኔ የጻፍኩት ሉፕ፣ ማለትም እየደጋገመ የሚዞር የኮድ ክፍል፣ «የመጣ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአንድሮይድ ሰዎች «አቬይለብል» የምትባለዋን ፈንክሽን ታውቋታላችሁ። ከሌለ? እንደገና ይጠይቃል። ከሌለ? እንደገና። በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚጠይቅ አልቆጠርኩም፤ ፕሮሰሰሩ የቻለውን ያህል ነው። ግልገል አንዴ ከተመዘነ በኋላ የሚቀጥለው ተይዞ እስኪመጣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አንዳንዴ አምልጦ ሲባረር አሥርም ይሞላል። በዚያ ሁሉ ደቂቃ አንዱ ኮር (ከፕሮሰሰሩ ሠራተኞች አንዱ በሉት) መቶ በመቶ እየሮጠ «አለ? አለ? አለ?» ይላል።

ይሄ በተለይ የሚያሳፍረው የእጅ መሣሪያ ፕሮግራም ዋና ሥራው መጠበቅ ስለሆነ ነው። ሰው ስክሪን ይነካል፣ ሚዛን ቁጥር ይልካል፣ ሰዓት ይደርሳል፤ እነዚህ ኢቨንቶች ናቸው። አፑ ኢቨንቱ ሲመጣ ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ ብንደምረው የኔ አፕ እውነተኛ ሥራው ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሌላው ሁሉ ጥበቃ ነው። እኔ ያበላሸሁት ሥራውን ሳይሆን ጥበቃውን ነው።

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይተኛል። በስልኮቻችን ውስጥ ያሉት የአርም ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አላቸው፤ «እስኪጠሩህ ጠብቅ» እንደማለት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሠራ ትሬድ (የሥራ ክር) ሲያጣ ይህን ትእዛዝ ይሰጣል፣ ክሎኩ ይቆማል፣ ቆየት ካለ የኮሩ ኃይል ራሱ ይቋረጣል። በተቃራኒው ሥራ የበዛ ሲመስለው ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም ይጨምራል፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። የኔ ሉፕ ፕሮሰሰሩን እንዳይተኛ ማድረጉ ሳያንስ «ከባድ ሥራ አለ» ብሎ ወደ ላይኛው ፍጥነት ያስወጣው ነበር። ሥራው ግን ባዶ ነገር መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሉፑ ውስጥ አሥር ሚሊሴኮንድ እንቅልፍ ከተትኩ። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ወደ ሁለት ሦስት ፐርሰንት ወረደ፣ እኔም ቡናዬን ጠጣሁ። ባትሪው ግን የተሻለው በትንሹ ነው። አሥር ሚሊሴኮንድ ማለት በሴኮንድ መቶ ጊዜ መቀስቀስ ነው። በጥልቅ ለመተኛትም ለመንቃትም ጊዜና ኃይል ያስፈልጋል፤ መቶ ጊዜ የምትቀሰቅሰው ሰው አልጋው ላይ ስለሆነ ብቻ ተኝቷል አይባልም። የአንድሮይድ መሠረት የሆነው የሊኑክስ ሰዎች ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ሥራ ኖረም አልኖረም በሴኮንድ ከመቶ እስከ ሺህ ጊዜ ይነቃ ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6.21 እትም ነው ሥራ ሲያጣ ያንን ምት መዝለል የጀመረው። ከርነሉ የተወውን አመል እኔ ከላይ መልሼ ጨመርኩለት።

እንግዲያው አንድ ሴኮንድ አደረግሁት። ባትሪው በጣም ተሻለ። ሜዳ ላይ ግን ክብደቱ ስክሪን ላይ ሳይመጣ ሲዘገይ ልጆቹ ቁልፉን ደግመው ይጫናሉ፣ እና አንዲት ግልገል ሁለቴ ተመዘገበች፣ ሁለተኛው ደግሞ እየተንፈራገጠች የተወሰደ ነው። ሁለት የተለያየ ክብደት ያላት አንዲት በግ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እየደጋገሙ መጠየቅ ትክክለኛ ፍጥነት የለውም። ቶሎ ቶሎ ብትጠይቅ ባትሪ ትበላለህ፣ አልፎ አልፎ ብትጠይቅ ትዘገያለህ፣ መሐሉን ብትይዝ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ታገኛለህ።

መፍትሔው ከመጀመሪያውም እዚያው አጠገቤ ነበር። «ሪድ» የምትባለው ፈንክሽን ባይት እስኪመጣ ድረስ ትሬዱን ታስተኛዋለች። ባይቱ ሲመጣ ከርነሉ ራሱ ይቀሰቅሰዋል፣ በዚያው ቅጽበት። መጠየቅ የለም፣ መዘግየትም የለም።

ሞላሌ መናኸሪያ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ጠብቃችሁ ከሆነ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዱ በየደቂቃው እየተነሣ «መጣ?» እያለ በር ድረስ ይመላለሳል፣ መንገዱን ሳይጀምር ይደክመዋል። ሌላው ለረዳቱ «መሐል ሜዳ ነኝ፣ ስትጮህ ቀስቅሰኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ሁለቱም የሚገቡት አንድ አውቶቡስ ላይ ነው። እኔ በሰውነቴ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነኝ፣ በኮዴ ለምን መጀመሪያውን እንደሆንኩ ነው የሚገርመኝ።

እርግጥ ምክንያት ነበረኝ። ፍርሃት ነው። «ሪድ» ላይ ከተኛ ተጠቃሚው አፑን ሲዘጋ እንዴት አስነሣዋለሁ ብዬ ነው። ትሬዱ ለዘላለም ተኝቶ ቢቀርስ? መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሶኬቱን (ከሚዛኑ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ከሌላ ትሬድ ትዘጋዋለህ፤ የተኛው ወዲያው ስሕተት ደርሶት ይነቃል፣ አንተም ስሕተቱን ይዘህ በሰላም ታሰናብተዋለህ። ሦስት መስመር። በነዚህ ሦስት መስመር ፍርሃት ነው የልጆቹ ግማሽ ቀን የባከነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ታላቄ የሰጠኝ አሮጌ ፓልም ነበረኝ። የዘመኑ ልጆች አታውቁትም፣ በቀጭን ዘንግ የሚጻፍበት የእጅ ማስታወሻ ነው። የመጀመሪያው ፓይለት 1000 በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 16 ሜጋኸርዝ የሞቶሮላ ድራጎንቦል ፕሮሰሰርና 128 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፣ የሚሠራውም በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ባትሪ ነው። በነዚያ ባትሪዎች ሳምንታት ይሄድ ነበር። ምሥጢሩ ባትሪው አይደለም። የፓልም ፕሮግራም ልቡ አንድ ሉፕ ነው፤ ኢቨንት ስጠኝ ብሎ ሲስተሙን ይጠይቃል፣ ሲጠይቅም ምን ያህል እንደሚጠብቅ አብሮ ይናገራል። ነጌቲቭ 1 ካልህ «እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ማለት ነው፣ ፕሮሰሰሩ እስክሪብቶው ስክሪኑን እስኪነካ ያሸልባል። 0 ካልህ ሲስተሙ ምንም ባይኖርም ወዲያው ባዶ ኢቨንት ይመልስልሃል፣ ሉፕህም ይሽከረከራል፣ ባትሪህም ይሰናበታል። በየሴኮንዱ የሚቀያየር ሰዓት ማሳየት ከፈለግህ 100 ትላለህ፤ እዚያ አገር ሴኮንድ 100 ቲክ ናት። ልዩነቱ በሙሉ አንዲት ቁጥር ናት።

አንድሮይድን ስትከፍተው ደግሞ ያው ነው። ዋናው ትሬድ ሉፐር የሚባል ሉፕ ላይ ነው፤ ወረፋው ባዶ ሲሆን ከታች ባለው፣ ኢፖል በሚባለው የሊኑክስ መጠበቂያ ላይ ይተኛል። ሰዓቱ የሚታወቅ ሥራ ካለ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ብቻ። ምንም ከሌለ የሚያስተላልፈው ቁጥር ምን መሰላችሁ? ነጌቲቭ 1። ፓልም ከገበያ ጠፋ፣ ቁጥሯ ግን አለች። እኔ ይህን ሁሉ በወጣትነቴ አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ለሌላ ሰው አስረድቼ፣ ከዓመታት በኋላ መንዝ ላይ ረሳሁት።

ለምን አላየሁትም የሚለው ጥያቄ ከስሕተቱ በላይ ያበሽቀኛል። መልሱ ኬብል ነው። አፕ የሚሠራ ሰው ስልኩ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ነው የሚውለው። እየተሞላ። ባትሪው 100 ነው፣ ሁሌም 100። ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ የመጣው ዶዝ የሚባለው የእንቅልፍ ሥርዓት እንኳ ስልኩ ከቻርጅ ካልተነቀለ አይጀምርም። ማለትም የኔ ስልክና የልጆቹ ስልክ አንድ ሞዴል ቢሆኑም የሚኖሩት በሁለት አገር ነው፤ አንዱ መብራት ባለበት፣ አንዱ በሌለበት። ስልኩ መሞቁን እንኳ አልነካሁትም፣ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው።

ሉፑን ካስተካከልኩ በኋላ ሌላም ሌላም ተገኘ። እነዚህን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። «ሚዛን ይጠበቃል» የሚለው ጽሑፍ አጠገብ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ ነበረች፤ ራሷን ስላ ስትጨርስ «እንደገና ሳሉኝ» ትላለች፣ በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ። ለነጥብ! አወጣኋት፣ ማንም አላጣትም። ጂፒኤሱን ደግሞ በየ0 ሚሊሴኮንዱ፣ በየ0 ሜትሩ ንገረኝ ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ይኸውም የቻልከውን ያህል ማለት ነው። ጋጣ የትም አይሄድም። አሁን ጋጣው ሲከፈት አንዴ ይወስዳል፣ ይዘጋል።

ከሁሉ የከፋው የመላኪያው ነበር። ኔትወርክ አለ ወይ ብሎ በየሠላሳ ሴኮንዱ ይሞክራል። የመንዝን ኔትወርክ የሚያውቅ ይስቃል። ሲግናል በደከመበት ቦታ ስልኩ ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ኃይል ይጨምራል፤ ልኮ ከጨረሰም በኋላ ሬዲዮው ወዲያው አይተኛም፣ ሌላ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ ለጥቂት ሴኮንዶች ነቅቶ ይቆያል። ስለዚህ በየሠላሳ ሴኮንዱ የምትሞክር ትንሽ ሙከራ ሬዲዮውን እንደ ክፉ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ታስነሣዋለች። አሁን ሥራውን ለሲስተሙ ሰጥቼዋለሁ፦ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆንና ኔትወርክ ሲኖር ላክ፣ ካልሆነ አትጥራኝ። ማታ ልጆቹ ከተማ ገብተው ስልኩን ሲሰኩት ሁሉም በአንዴ ይሄዳል። ለጥናት የሚሆን የበግ ክብደት በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ደብረ ብርሃን ካልደረሰ የሚሞት ሰው የለም።

ዌክሎክም ነበረ። ስክሪኑ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ የሚይዝ ቁልፍ ነው፤ መያዙን ጽፌ መልቀቁን የጻፍኩት ሁሉም ነገር በሰላም ሲያልቅ ብቻ በሚደረስበት መስመር ላይ ነበር። ሚዛኑ መሐል ላይ ሲቋረጥ ቁልፉ እንደተያዘ ይቀራል፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። አሁን ሲያዝም የጊዜ ገደብ አለው፣ ምንም ይፈጠር ምንም ደግሞ ይለቀቃል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። አፕ ከመስጠቴ በፊት ስልኩን ከኬብል ነቅዬ፣ አፑን ከፍቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ምሳ እሄዳለሁ። ስመለስ በዋይፋይ ገብቼ የፕሮሰሰሩን ሥራ በሚያሳየው «ቶፕ» ላይ አየዋለሁ። ማንም ያልነካው አፕ ከ0 በላይ ካሳየ አንድ ቦታ የማይተኛ ነገር አለ፣ እስካገኘው አልሰጥም። ከዚያ ጀርባውን በእጄ እዳስሳለሁ። ይሄኛው ከቶፕ በላይ ይታመናል፣ በበኩሌ።

አዲሱ አፕ የተጫነባቸውን ስልኮች ይዤ ጥር ላይ ወጣሁ። ውለን፣ የመጨረሻዋን በግ መዝነን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኩ ገና ከግማሽ በላይ ነበረው። ደብተሩ ከቦርሳ አልወጣም። እንግዲህ ምስጋና ይመጣል ብዬ ልጅቷን አየኋት። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታለች።

«ኢንጂነር፣ ምን አደረግኸው?» አለችኝ። «እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ እኮ። ድሮ ይሻል ነበር።»

በማግስቱ የሱፍ ጓንት ገዛሁላት። ጓንቱን አድርጋ ስክሪኑን ስትነካው አልሰማ አላት።